ናሙናዋን ተከትለው ይዩ፣ ሶፍትዌሩ ከዚያ በኋላ ይመረጣል

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከአለም ገና ነው። የአንድ መካከለኛ የግል ላብራቶሪ ኃላፊ ነኝ። 11 ሰራተኞች አሉን። በቀን ወደ 90 ታካሚ እናስተናግዳለን፤ ከ6 ክሊኒኮች ደግሞ ናሙና በባጃጅ ይመጣልናል። እስካሁን የምንሰራው በመዝገብና በኤክሴል ነው። ባለፈው ወር የሁለት ሰዎች ውጤት ተቀያየረብን። ታካሚዋ ራሷ «ይሄ የእኔ ሊሆን አይችልም» ብላ ባትመልሰው ኖሮ አናውቅም ነበር። አሁን ባለቤቶቹ ናሙናና ውጤት የሚከታተል ሶፍትዌር ይገዛ ብለዋል። ሁለት አማራጭ ቀርቦልኛል። አንዱ የውጭ ድርጅት ነው፤ በኢንተርኔት የሚሰራ፣ በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል። ሌላው እዚሁ ያሉ ልጆች የሰሩት ነው፤ በብር፣ አንዴ ብቻ የሚከፈል። የቱን ልምረጥ? መዝገቡንስ መቼ ነው የምንተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ያቺ ታካሚ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ስንቱ ሰው ነው ያልሆነ ውጤት ተቀብሎ ዝም ብሎ መድኃኒት የሚጀምረው? እርስዎ ነገሩን ሳይደብቁ መጻፍዎ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ በደንብ ልመልስልዎት።

ሁለቱም ሶፍትዌሮች ሊያሻግሩዎት ይችላሉ። ሁለቱም ገንዘብዎን በልተው መዝገቡ ላይ ሊመልሱዎት ይችላሉ። ዴሞ (ሻጩ የሚያቀርበውን ማሳያ) አይቶ መለየት ከባድ ነው፤ ዴሞ ላይ ሁሉም ያምራል። የሚለያቸው የእርስዎ ናሙና ነው። ስለዚህ ሻጮቹን ለአንድ ሳምንት ያቆዩአቸውና ነገ ጠዋት አንድ ነገር ያድርጉልኝ።

ደብተርና እስክርቢቶ ይያዙ። 2 ሰዓት ላይ ደም መቅጃው ክፍል አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጡ። ሐምራዊ ክዳን ካላቸው ቱቦዎች አንዷን ይምረጡ። ውጤቷ ታትሞ ታካሚው እጅ እስኪገባ ድረስ እሷን ብቻ ይከተሉ። የት ቆመች? ማን ነካት? ቁጥሯ ስንት ቦታ ተጻፈ? ሁሉንም ይጻፉ። በማግስቱ ደግሞ በባጃጅ ከምትመጣ ናሙና ጋር ይድገሙት።

እኔ ይህንን በቡራዩ በኩል ባለ አንድ ላብራቶሪ አድርጌዋለሁ። የአንዲት ቱቦ ቁጥር 7 ጊዜ በእጅ ተጻፈ። ደረሰኝ ላይ፣ የምርመራ መጠየቂያው ላይ፣ ቱቦው ላይ፣ የሪሴፕሽን መዝገብ ላይ፣ የክፍሉ መዝገብ ላይ፣ ማሽኑ ላይ፣ በመጨረሻም ውጤት ወረቀቱ ላይ። 5ኛው ላይ 1 ቁጥር 7 መሰለች። 6ኛው ላይ የጻፈችው ልጅ በቅንነት 7 ብላ አስገባች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ምሳ እንኳን አልበላችም። እኔ ያየሁት ከቱቦዋ ኋላ ኋላ ስለሄድኩ ብቻ ነው። የእርስዎም ሁለት ውጤቶች የተቀያየሩት እንዲህ ባለ ቦታ ይመስለኛል። ሰው መቅጣት እዚህ ጋ ምንም አይፈታም። ቁጥር 7 ጊዜ በእጅ የሚያስጽፍ አሰራር አንድ ቀን መሳቱ አይቀርም።

እንግዲህ ከሶፍትዌሩ የሚፈልጉት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፦ ቁጥሩ አንዴ ይፈጠር፤ ከዚያ በኋላ ማንም በእጁ አይጻፈው። ባርኮድ የሚመጣው ለዚህ ነው። ታካሚው ሲመዘገብ ሌብል ይታተማል። ደሙ ከተቀዳ በኋላ እዚያው ታካሚው ፊት፣ ስሙን ራሱ እንዲናገር ተደርጎ፣ ቱቦው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በስካነር ይነበባል።

ሌብሉን አይናቁት። ብዙ ፕሮጀክት ሲሰናከል ያየሁት በሌብል ነው። ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲቆም የባርኮዱ መስመሮች እንደ መሰላል እርከን መታየት አለባቸው። ሌብሉ ከዞረ ወይም ከተጣመመ ማሽኑ አያነበውም። በአንድ በኩል ደሙ የሚታይበት ክፍት ቦታ ይተው። ፕሪንተር ሲገዙ ሪባን ያለውን ይምረጡ። ያለ ሪባን በሙቀት ብቻ የሚያትመው እንደ ሱቅ ደረሰኝ ነው፤ ይደበዝዛል። ደግሞ ከመግዛትዎ በፊት 10 ሌብል ቱቦ ላይ ለጥፈው ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሌሊት ያሳድሩ። ከዚያ ሴንትሪፉጅ ውስጥ ያሽከርክሩና ስካን ያድርጉ። 10ሩም ካልተነበቡ ሌላ ሌብል ይፈልጉ።

አሁን ወደ ስምና ቀን እንምጣ። እዚህ ላይ የውጭው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ ይቸገራል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ካለ አንዷ ጸሐፊ የአባት ስም ታስገባለች፣ ሌላዋ የአያት። አንዱ ታካሚ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍማ ጸሐይ የምትባል ሴት በሦስት ዓይነት ትጻፋለች። በአማርኛ ቢሆንም ጸ እና ፀ፣ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ አሉ። ስለዚህ ዴሞው ላይ አንዱን ስም በሁለት አጻጻፍ አስገብተው ይፈልጉት። ሁለቱንም ካላመጣ ነገ ሁለት ካርድ ያወጣልዎታል። ስልክ ቁጥር፣ ካለው ደግሞ የፋይዳ ቁጥር አብሮ ይመዝገብ።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩ የግድ የትውልድ ቀን ካለ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ሰልፉን ለማስተንፈስ ለሁሉም አንድ ቀን ትሞላለች። «35 ዓመት» ብሎ መቀበል መቻል አለበት። ለሕፃናት ግን በወርና በቀን ይቀበል። የ5 ቀን ጨቅላና የ11 ወር ሕፃን ሁለቱም «0 ዓመት» ሆነው ከተቀመጡ የቢሊሩቢን (የሰውነት ቢጫ መሆንን የሚለካው ምርመራ) ውጤታቸው በአንድ መለኪያ ይታያል። ይሄ አደገኛ ነው።

የቀን መቁጠሪያውን ደግሞ በጳጉሜ ይፈትኑት። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ብለው ያስገቡ። ያ ዓመት ጳጉሜው 6 ነበር፤ ካልተቀበለ ስሌቱ ልክ አይደለም። ሰዓቱስ? ሰራተኛዋ ናሙና የተቀበለችበትን 2:30 ብላ ትጽፋለች። ማሽኑ ደግሞ ያንኑ ደቂቃ 8:30 ይለዋል። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ካላወቀ ውጤት የሚደርስበት ጊዜ ላይ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል፤ የወሩ ሪፖርት ሁሉ ይበላሻል። ውስጡ በአንድ አቆጣጠር ያስቀምጥ፣ ስክሪኑ ላይ በእኛ ያሳይ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ እንዲሰጡት የምለምንዎት ግን የማሽኖቹን ነገር ነው። ሶፍትዌር ገዝተው ውጤቱን ከማሽኑ ወረቀት እያዩ በኪቦርድ የሚያስገቡ ከሆነ መዝገቡን በኮምፒውተር ቀየሩ እንጂ ስህተቱ እዚያው ነው። ማሽኑና ሶፍትዌሩ በቀጥታ መነጋገር አለባቸው። ይሄ ሁለት ዓይነት ነው። በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ማሽኑ ውጤቱን ይልካል፤ በቃ። በሁለት አቅጣጫ ሲሆን ማሽኑ ባርኮዱን አንብቦ «ለዚህች ቱቦ ምን ልስራ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሶፍትዌሩ ይመልስለታል። ለኬሚስትሪ ማሽን ሁለተኛውን አጥብቀው ይጠይቁ።

ሻጩ «ኤችኤል ሰቨን እንደግፋለን፣ ኤ ኤስ ቲ ኤምም እንችላለን» ይልዎታል። እነዚህ ማሽኖች የሚነጋገሩባቸው ቋንቋዎች ናቸው። ግን አማርኛ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ሁሉ ይግባባሉ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ አምራች የየራሱ አነጋገር አለው። አሮጌ ማሽን በሲሪያል ገመድ ነው የሚያወራው፣ አዲሱ በኔትወርክ። ማሽንዎ ከኮምፒውተር ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚያስረዳው የኢንተርፌስ ማኑዋል እጅዎ ላይ ይኑር። የማሽኑን አስመጪም ዛሬውኑ ይጠይቁት፦ ይህ መስመር ክፍት ነው ወይስ ለመክፈት ሌላ ክፍያ አለው? ከሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ውል ጋር የታሰረ ማሽን ከሆነ ውሉ ሲታደስ ይህ በጽሁፍ ይግባ።

ከዚያ ለሻጮቹ አንድ ነገር ብቻ ይበሏቸው፦ «ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ አለም ገና ኑ። ከእኔ የሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ማሽን ጋር አገናኙት። 20 ናሙና እናሳልፍ።» ጤናማውን ብቻ አይስጧቸው። ፕላትሌቱ በጣም የወረደ፣ ማሽኑ ምልክት ያደረገበት፣ ከመለኪያ በታች የወጣ፣ ሁለቴ የተሰራ ይጨምሩበት። ከዚያ የማሽኑን ወረቀትና ስክሪኑን ጎን ለጎን ይዘው ቁጥር በቁጥር ያንብቡ። ሁለቴ የተሰራው የትኛው ውጤት ተያዘ? ምልክቱ መጣ ወይስ ጠፋ? የዴሲማል ነጥቡስ? ለመምጣት ወይም ለማገናኘት ያንገራገረ ሻጭ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ይበረታል ብዬ አላምንም።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። አንድ ላብራቶሪ ውስጥ የኬሚስትሪ ማሽን ተበላሽቶ ኢንጂነር መጣ። ሲጠግን የክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) መለኪያ አሃዱ ከሚሊግራም በዴሲሊትር ወደ ማይክሮሞል በሊትር ተቀየረ። ለማንም አልተነገረም። ሶፍትዌሩ ቁጥሩን ብቻ ነበር የሚቀበለው፤ አሃዱን ከራሱ ነው የሚያትመው። ስለዚህ 0.9 መሆን የነበረበት 80 ሚሊግራም ተብሎ ታተመ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 88.4 እጥፍ ነው። ወረቀቱን ለመፈረም ያነሳችው ቴክኖሎጂስት ደንግጣ አስቆመችው። እሷ ባትኖር ጤናማ ኩላሊት ያለው ሰው ለዳያሊሲስ በተጻፈ ነበር። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከማሽኑ የሚመጣውን አሃድ ማንበብ አለበት፤ ካልተመሳሰለ ውጤቱን ይያዝ። ማሽን በተጠገነ ቁጥርም የታወቁ ናሙናዎችን ድጋሚ ማሳለፍ ደንብ ይሁን።

የማጣቀሻ መጠኖችንም («ጤናማ» የሚባለው ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ የሚያሳዩትን) ሶፍትዌሩ ይዞት ከመጣው አይቀበሉ። እኛ ያለነው ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋል። በባህር ዳርቻ አገር የተዘጋጀ መጠን እዚህ የደም ማነስ ያለበትን ሰው «ደህና ነው» ሊል ይችላል። መጠኖቹን እርስዎ ከሐኪሞቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ወስናችሁ ነው የሚገቡት።

ዴሞው ላይ አንድ ሌላ ፈተና አለኝ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የጸደቀ ውጤት ከ5.4 ወደ 4.5 ይቀይሩ። ከዚያ «ማን ቀየረው? መቼ? በፊት ስንት ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ሶፍትዌሩ የድሮውን ቁጥር፣ የሰውየውን ስምና ሰዓቱን ካላሳየ ሻጩን አመስግነው ይሸኙ። ለዚህም ነው እያንዳንዱ ሰራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል የሚያስፈልገው። «የላብ» ተብሎ አንድ ለሁሉም የሚከፈት ኮምፒውተር ካለ ይሄ ሁሉ ዋጋ የለውም። የሕክምና ላብራቶሪዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው አይሶ 15189ም በ2022 እትሙ፣ በቁጥር 7.6 ላይ ስለዚሁ ነው የሚያወራው። ስርዓቱ ስራ ላይ ከመዋሉ በፊት ላብራቶሪው ራሱ እንዲያረጋግጥ፣ ሲቋረጥም ምን እንደሚደረግ እቅድ እንዲኖር ይጠይቃል። አክሪዲቴሽን (የብቃት እውቅና) ካሰባችሁ የዛሬው የ20 ናሙና ወረቀት ነገ ማስረጃችሁ ነው፤ ፈርመው ፋይል ያድርጉት። የምግብ ወይም የውሃ ላብራቶሪ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ መስፈርታችሁ አይሶ 17025 ነው፤ ቁጥር 7.11ን እዩ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ዶላሩ ያስፈራኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው አሰራር ሲቀየር 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ያኔ በዶላር ውል የነበረው ሰው ሶፍትዌሩ ሳይሻሻል ሂሳቡ በእጥፍ ገደማ ጨመረበት። ኢንተርኔቱስ ሲቋረጥ? ሪሴፕሽኑ ላይ 30 ሰው ቆሞ ኔትወርክ የሚጠበቅበት ላብራቶሪ አይኑርዎት። ዳታው የሚቀመጥበት ሰርቨርስ የት ነው ያለው? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። እግረ መንገዴን ልንገርዎት፦ ውጤት ፎቶ አንስቶ ለክሊኒኮች በቴሌግራም ግሩፕ መላክ በየቦታው ተለምዷል። በአዲሱ ስርዓት ይህ መቅረት አለበት። እያንዳንዱ ክሊኒክ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ የራሱን ታካሚ ብቻ ይይ።

የልጆቹም ነገር ጥያቄ አለው። «አንዴ ብቻ የሚከፈል» የሚባል ሶፍትዌር የለም። ማሽን ሲቀየር ማን ያገናኛል? ሌሊት ሲቆም ማን ይመጣል? ልጆቹ ስንት ናቸው? ኮዱን የጻፈው አንዱ ብቻ ከሆነና እሱ ውጭ አገር ዕድል ቢያገኝስ? ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ ሕይወት ነው።

በነጻ የሚገኙም አሉ። ኦፕን ኤሊስ ለሕክምና ላብራቶሪ የተሰራ ነው፤ ባህምኒ የሚባለው የሆስፒታል ስርዓት ውስጥም አብሮ ይመጣል። ሰናይት የሚባለው ሶፍትዌር ደግሞ ለምግብ፣ ለውሃና ለመሳሰሉት ይመቻል። ለፈቃድ አይከፈልባቸውም። የሚጭን፣ የሚያስተካክልና የሚከታተል ሰው ግን ይከፈለዋል። እርስዎ ጋ እንደዚያ ያለ ሰው ከሌለ አልመክርዎትም።

ከሁለቱ አንዱን በሉ ካሉኝ፣ ለእርስዎ መጠን ወደ እዚሁ ልጆች አዘነብላለሁ። ግን ሦስቱን ካሟሉ ነው። ከማሽንዎ ጋር ፊትዎ አገናኝተው ያሳዩ። ዳታው የላብራቶሪው መሆኑ፣ በፈለጉት ቀን ሙሉውን በኤክሴል ማውጣት እንደሚችሉም ውሉ ላይ ይጻፍ። ድርጅቱ ቢዘጋ ኮዱ እንዲሰጣችሁም ይግባ። የዓመት ድጋፍ ክፍያውን አይከራከሯቸው፤ ይክፈሏቸው። ከተራቡ ጥለዋችሁ ይሄዳሉ። ከሦስቱ አንዱን እንቢ ካሉ ሌላ ይፈልጉ።

ውሉ ሲፈረም የመጀመሪያው ስራ ኮምፒውተር መግዛት አይደለም። የምርመራ ዝርዝራችሁን ማጽዳት ነው። የእያንዳንዱ ምርመራ ስም፣ የናሙናው ዓይነት፣ የቱቦው ቀለም፣ አሃዱ፣ መጠኑ በዕድሜና በጾታ፣ ዋጋው፣ ወዲያው ስልክ የሚደወልበት አስጊ ቁጥር። አሁኑኑ በኤክሴል ይጀምሩት። አሰልቺ ነው፣ ሳምንታት ይፈጃል። ይህንን ለፕሮግራመሮቹ የተወ ላብራቶሪ ግን ለዓመት ሲያርም ይኖራል።

ስራውን የሚመራ አንድ ሰው ይምረጡ። ብዙዎች ኮምፒውተር የሚወደውን ወጣት ይመርጣሉ። እኔ ሌሎቹ ሲቸግራቸው «እስኪ እሷን እንጠይቃት» የሚሏትን ቴክኖሎጂስት እመርጣለሁ። እሷ ካመነችበት ሁሉም ይከተላል። ለዚህ ስራ ከፈረቃዋ ሰዓት ይቀንሱላት።

በአንድ ክፍል ይጀምሩ፤ ሄማቶሎጂ (የደም ሴል ምርመራ ክፍል) ጥሩ ነው። ሰኞ አይጀምሩ፤ ሰልፉ ይበዛል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን። ፋሲካ ወይም አዲስ ዓመት ሲቃረብም አይሞክሩት። ለሦስት ሳምንት መዝገቡም ሶፍትዌሩም አብረው ይሂዱ። በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ 15 ውጤት በዘፈቀደ አንስታችሁ ማሽኑን፣ መዝገቡንና ስክሪኑን አስተያዩ። ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ ሌላ ክፍል አትለፉ።

መብራቱን ያውቁታል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ለሰርቨሩ ብቻ ገዝተው የተጎዱ አይቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ በርቷል፤ የኔትወርክ ስዊቹ ግን ግድግዳው ላይ ነበር የተሰካው። ሁሉም ስክሪን ባዶ ሆነ። ስዊቹም፣ የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተርም፣ የሌብል ፕሪንተሩም ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ባክአፕም በየቀኑ ይወሰድ፤ አንዱ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ባክአፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ አስነስተው ያለፈውን ሳምንት የአንድ ታካሚ ውጤት ይክፈቱበት። ካልተከፈተ ባክአፕ የለዎትም ማለት ነው።

መዝገቡን መቼ እንተወው ላሉት፦ ሦስቱ ሳምንት ካለቀ፣ የመጨረሻዎቹ 10 የስራ ቀናት ያለ ልዩነት ካለፉና ባክአፑ ሲነሳ በዓይንዎ ካዩ፣ የዚያን ክፍል የየቀን መዝገብ ይዝጉት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቀን ጽፈው ይፈርሙ፤ አሮጌዎቹንም አይጣሉ። አንድ መዝገብ ግን ሪሴፕሽኑ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። ከእሱ ጋር በ99 የሚጀምር ቁጥር ያላቸው 200 የታተሙ ሌብሎች ይቀመጡ። ሁሉም ነገር ሲቆም ሰራተኞቻችሁ እነሱን እየለጠፉ በመዝገቡ ይሰራሉ፤ ሲመለስ 99 ያለው ሁሉ ተለይቶ ይገባል። በዓመት ሁለቴ ሆን ብላችሁ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ ለአንድ ሰዓት ተለማመዱት።

የነገ ጠዋቱን ደብተር ገጽ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ የታካሚ ስም እንዳይታይ ብቻ ይሸፍኑት። ሁለቱን የውል ረቂቆች ከእሱ ጎን አድርገን አብረን እናነባቸዋለን።